እጁን በሳጥን ክዳን የቀጠቀጠው ዘፋኝ

በጦርነት ዘመን የተሠሩት የሆሊውድ የሙዚቃ ፊልሞች አብዛኞቹ መልካቸው አንድ ነው፤ ወጣቱ ይዘምታል፣ ልጅቱ ታለቅሳለች፣ ሙዚቃው ይደምቃል፣ በመጨረሻም ሁሉም እየሳቀ ወደ ቤቱ ይገባል። ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው «ፎር ሚ ኤንድ ማይ ጋል» (ለእኔና ለወዳጄ እንደ ማለት ነው) ግን ለወታደርና ለወታደር ባለቤት ከዚህ ጠንከር ያለ ጥያቄ ያቀርባል፤ ከዘመቻ ለመቅረት ሲል ገዛ አካሉን የጎዳ ሰው ፍቅር ይገባዋልን?

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከመግባቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ጆ ሄይደን (ጁዲ ጋርላንድ) በየከተማው እየዞረች በመዝፈን ወንድሟን ሕክምና የምታስተምር ልጅ ናት። ሃሪ ፓልመር (ጂን ኬሊ) ደግሞ አንደበቱ የሚጣፍጥ፣ ሐሳቡ ሁሉ በኒው ዮርኩ ፓላስ ቲያትር መድረክ ላይ ለመቆም የሆነ ዳንሰኛ ነው። የናፈቁት መድረክ በተገኘ ሰዓት የውትድርና ጥሪ ይደርሰዋል። ሃሪም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ጊዜ ለመግዛት ብሎ የዕቃ ሳጥን ክዳን በእጁ ላይ ይጥላል። በዚሁ መካከል ለጆ ቴሌግራም ይመጣል፤ ትምህርቱን ትቶ የዘመተው ወንድሟ ፈረንሣይ አገር ወድቋል። የሃሪን እጅ ስታይ የሆነው ሁሉ ይገባታል፤ ትታውም ትሄዳለች።

ጆ ቤት ተቀምጣ አላለቀሰችም። ባሕር ተሻግራ በጦር ግንባር ላሉት ወታደሮች ልትዘፍን ሄደች። ሃሪ በበኩሉ ተጸጽቶ ከአንዱ የምልመላ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ቢመላለስ፣ ያ የቀጠቀጠው እጁ አልድን ብሎ ሁሉም መለሱት። በእኛ ግምት ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው። ለጥቂት ቀን ያሰበው ጉዳት የዕድሜ ልክ ምስክር ሆነበት።

የመጨረሻው ክፍል ግን ይህን ያህል አያሳምንም። ፊልሙ ለሙከራ በታየ ጊዜ ተመልካቹ ልጅቱ የምትገባው ለሃሪ ሳይሆን፣ በጆርጅ መርፊ ለተሠራው ለጨዋው ጂሚ ነው በማለቱ፣ ኩባንያው ሃሪን ጀግና የሚያደርጉ ትዕይንቶች እንደገና አስቀረጸ። በተኩስ መካከል የቁስለኞች መኪኖችን የሚያድንበት ቦታ ልብ ቢያንጠለጥልም፣ ያን ያህል ጥፋት በደቂቃዎች ውስጥ ማጠቡ ቸኮል ያለ ነው። ጂሚን እንምረጥ የሚሉ ሚስቶች በየቤቱ ቢነሡ አንፈርድባቸውም።

አዘጋጁ በስቢ በርክሌይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሣይ ውስጥ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ ሰልፍ ሲያሠለጥን የነበረ ሰው ነው። በኋላ ዝናን ያተረፈባቸውን፣ ብዙ ዳንሰኞች እንደ አንድ ሰው የሚንቀሳቀሱባቸውን ትርዒቶች ያየ ወታደር የሰልፍ ሜዳውን ማስታወሱ አይቀርም። ለጂን ኬሊ ይህ የመጀመሪያ ፊልሙ ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1944 ወደ አሜሪካ ባሕር ኃይል ገብቷል።

ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው፤ 104 ደቂቃ ይወስዳል። የውጊያው ክፍል አጭር በመሆኑ ከልጆች ጋር ለማየት አያስቸግርም። ወንድም ወይም ልጅ የዘመተባቸው እናቶችና እኅቶች ግን ቴሌግራሙ የሚደርስበት ቦታ እንዳለ አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።