ኪሎ ሜትር ወይስ ቁልቁለት? በቢቸናና በሞጣ መስመር ለሚሠሩ የጭነት መኪናዎች የቅድመ ጥገና ዕቅድ አመራረጥ



የዛሬውን ገለጻ ከደጀን ከተማ ዳርቻ፣ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት ሥፍራ ልጀምር። ከቢቸና ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ባለ ተሳቢ መኪና እዚህ ሲደርስ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል። ከዚያ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም ወደ ጎሃ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል።

እስቲ ይህን ቁልቁለት በቁጥር እንየው። ጠቅላላ ክብደቱ 30 ቶን የሆነ መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኢነርጂ 412 ሜጋ ጁል ያህል ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ያለ 1,200 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ስድስት በርሜል፣ እስኪፈላ ለማሞቅ ይበቃል። ጥቂቱን የጎማና የአየር ተቃውሞ ይወስደዋል። የቀረውን መቀበል ያለበት ሞተሩ ነው፤ በትንሽ ማርሽ ተይዞ ከወረደ አብዛኛውን ይሸከመዋል። ሾፌሩ በትልቅ ማርሽ ከወረደ ግን ሸክሙ በአብዛኛው በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከሸራው ይርቃል። በመሆኑም በአየር የሚሠራ ፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ለማገናኘት በቀዝቃዛ ጊዜ ከሚገፋው የበለጠ ርቀት መግፋት ይኖርበታል። መጀመሪያውኑ ያልተስተካከለ ፍሬን በደጀን ሜዳ ላይ ሲፈተን ደህና ይመስላል፤ በቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ግን የመግፊያው ርቀት ያልቅበታል። «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ የሚነገረው አደጋ ሁሉ እንግዲህ አንድ ነገር ተበጥሶ የደረሰ አይደለም። አንዳንዴ የተበጠሰ ነገር ጨርሶ አይገኝም። የሆነው ነገር ቢኖር ከጉዞው በፊት የአንድ ዘንግ ርቀት አለመለካቱ ነው።

አሁን ወደ ርእሳችን እንግባ። ቅድመ ጥገና ስንል ብልሽት ከመድረሱ አስቀድሞ በታቀደ ጊዜ የሚደረገውን ምርመራ፣ ማስተካከያና የዕቃ ለውጥ ማለታችን ነው። የተለመደው መለኪያ ኪሎ ሜትር ነው። በፋብሪካው መመሪያ ላይ የሰፈረው ቁጥር ሲደርስ መኪናው ሰርቪስ ይገባል። ሁለት መኪናዎች እንውሰድ። አንደኛው በቢቸናና በአዲስ አበባ መካከል ይመላለሳል፤ ደርሶ መልሱ 530 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ከሞጣ ባሕር ዳር ይመላለሳል፤ ደርሶ መልሱ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም 10,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላቸው የመጀመሪያው 38 ጊዜ ያህል ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዷል፤ ሁለተኛው ግን የዓባይን በረሃ ጨርሶ አላየም። ቆጣሪያቸው አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያል፤ ፍሬናቸው ግን አንድ ዓይነት ዕድሜ የለውም። ስለዚህ የፍሬን ዕቅድ በቁልቁለት ብዛት፣ ያውም በጭነት በተወረደው ብዛት፣ መቆጠር አለበት እላለሁ። የሞተር ዘይትም ቢሆን ከኪሎ ሜትር ይልቅ በተቃጠለው ነዳጅ ሊትር ቢቆጠር ይሻላል፤ ዳገት የወጣና ሜዳ የሄደ ሞተር በእኩል ርቀት እኩል አልደከሙምና።

መለኪያውን ካወቅን በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ የትኛውን ዕቃ ሳይበላሽ እንቀይር? የትኛውንስ እስኪበላሽ እንተወው? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ። አንድ ዕቃ እያረጀ በሄደ ቁጥር የመበላሸት ዕድሉ የሚጨምር ከሆነ አስቀድሞ መቀየር ትርጉም አለው። ዕድሉ ከዕድሜው ጋር የማይጨምር ከሆነ ግን ደህናውን አውጥቶ አዲስ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲሱም ነገ የመበላሸት ዕድሉ ከአሮጌው አያንስምና። ለስሌት ያህል የመጀመሪያውን ዓይነት ዕቃ እንውሰድ፤ የዌይቡል ቅርጽ ቁጥሩ 3 ይሁን። በመንገድ ላይ መበላሸቱ በዕቅድ ከመቀየር አምስት እጥፍ ያስወጣ እንበል። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች 63 በመቶዎቹ የሚያልቁበትን ዕድሜ ብንወስድና በግማሹ ላይ ብንቀይራቸው፣ እስኪበላሹ ከመጠበቅ ጋር ሲነጻጸር የረጅም ጊዜ ወጪው በግማሽ ገደማ ይወርዳል። የብልሽቱ ወጪ ከታቀደው ለውጥ እምብዛም የማይበልጥ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም በኖ ይጠፋል። የፍራቻ መብራት አምፖል ከዚህ ወገን ነው። የፍሬን ሸራ በተቃራኒው ቆሟል፤ ዋጋው በብር ብቻ አይታሰብምና ከስሌቱ በላይ ነው።

ብዙ ጥገና ሁልጊዜ መልካም ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል የባሕር ጠረፍ ክፍል አውሮፕላኖች በየ50 የበረራ ሰዓቱ ይመረመሩ ነበር። የሥነ ሕይወት ሊቅ የነበረው ኮንራድ ዋዲንግተንና ባልደረቦቹ መዝገቡን ሲያጠኑ፣ ያልታሰበ ብልሽት ከፍ የሚለው ከምርመራው በፊት ሳይሆን ወዲያው በኋላ እንደሆነ አገኙ። ደህና ይሠራ የነበረውን ነገር ነካክቶ መመለስ ራሱ ብልሽት ይወልድ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዩናይትድ አየር መንገድ ባለሙያዎች የነበሩት ኖውላንና ሂፕ ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸው የአውሮፕላን ክፍሎች የዕድሜ ገደብ ሊጠቅማቸው የሚችለው 11 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። በርግጥ የጭነት መኪና አውሮፕላን አይደለም፤ ሸራ፣ ጎማና ባሌስትራ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸውና በእኛ ዘንድ ቁጥሩ ከፍ እንደሚል እገምታለሁ። ትምህርቱ ግን ይሠራል። የአየር ፊልትሮን ተመልከቱ። በኮረኮንች መንገድ የሚሠራ መኪና ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል፤ ረዳቱም በየጊዜው አውጥቶ በአየር ያስነፋዋል። ንፋሱ ወረቀቱን ይበሳዋል፤ በተከፈተ ቁጥርም አቧራ ወደ ሞተሩ ይገባል። ፊልትሮው እንደታፈነ የሚያሳየውን ምልክት ጠብቆ አንድ ጊዜ በአዲስ መተካት፣ አሥር ጊዜ ከማስነፋት ለሞተሩ ይሻላል።

ወቅትም የዕቅዱ አካል ነው። የጤፍ ጭነት አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ ይደራል፤ ማዳበሪያ ደግሞ ከክረምቱ መግቢያ ቀደም ብሎ ወደ ጎጃም ይገባል። ሞተር ወይም ካምቢዮ የሚያስፈታ ሥራ በጥር ከሚደረግ ጭነት በሚቀዘቅዝበት በሐምሌና በነሐሴ ቢደረግ፣ የቆመው መኪና የሚያሳጣው ገቢ ያነሰ ይሆናል። ይህን የማንኛውም ባለንብረት ልብ ያውቀዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ሌላ ነው። መጻሕፍት ስለ መኪናዎች ስብስብ ሲጽፉ አንድ ባለቤት፣ አንድ ጋራዥና አንድ መዝገብ እንዳለ ቆጥረው ነው። በእኛ አገር ግን የጭነት መኪና በአብዛኛው የግለሰብ ንብረት ሆኖ በማኅበር ሥር ይሠራል። ማኅበሩ ጭነት ያከፋፍላል እንጂ የማን ሸራ መቼ እንደተቀየረ አይመዘግብም። አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ከራሱ መኪና ታሪክ ስለ ብልሽት ዕድል የሚማረው ጥቂት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ብልሽት ስሌት አይሆንም። የሠላሳ መኪና ታሪክ በአንድ ደብተር ቢሰበሰብ ግን ስሌት ይሆናል። ደብተሩ ብዙ አይጠይቅም፦ በጭነት የተወረደው ቁልቁለት ብዛት፣ የተቀዳው ነዳጅ ሊትር፣ ከእያንዳንዱ ቁልቁለት በፊት የተለካው የፍሬን መግፊያ ርቀት፣ የተቀየረው ዕቃና የተቀየረበት ምክንያት። የመጨረሻው እንዳይዘለል አደራ እላለሁ። «ተቀየረ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ መዝገብ ዕቃው አልቆ ይሁን በጥንቃቄ መውጣቱን አይነግረንም።

የገንዘቡን አደረጃጀት በተመለከተ ከውጭ መፈለግ አያሻንም፤ ሁለቱም ዓይነት ተቋም በየሠፈራችን አለ። መቼ እንደሚያልቅ የሚታወቀው ዕቃ፣ ማለትም ሸራ፣ ዘይትና ጎማ፣ በዕቁብ ሥርዓት ሊሸፈን ይችላል፦ አባላት በእያንዳንዱ ቁልቁለት መዋጮ ይጥላሉ፤ ተራው በዕጣ ሳይሆን በተቆጠረው ቁልቁለት ይወጣል። ቀኑ የማይታወቀው ብልሽት ግን፣ እንደ ሞተሪኖ መቃጠል ያለው፣ ዕቁብ አይሆነውም፤ ተራ አይጠብቅምና። ለእሱ የሚስማማው ዕድር ነው፦ ሁሉም ያዋጣል፤ የደረሰበት ብቻ ይረዳል። ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ሣጥን ያስቀመጠ ማኅበር፣ አንዱ ባለንብረት ሸራውን ሆን ብሎ እስኪያልቅ ነድቶ በሌሎች ገንዘብ ሲጠግን ያያል፤ ከዚያ በኋላ የሚያዋጣ አይገኝም።

ዕቁብ ዳኛ አለው። በዚህ ዕቁብ ውስጥ የዳኛው ሥልጣን ገንዘብ ከመሰብሰብ ማለፍ አለበት፦ የፍሬን መግፊያው ርቀት ከተወሰነው ካለፈ፣ ጤፉ ተጭኖ፣ ነጋዴው አዲስ አበባ ላይ እየጠበቀም ቢሆን መኪናውን ደጀን ላይ ማቆም መቻል አለበት። መኪናው ተስተካክሎ እስኪነሣ ባለንብረቱ የሚያጣውን የአንድ ቀን ገቢ ከዕቁቡ መተካት ይቻል እንደሆነ ስሌቱን ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ።