ዓይኑን ሳይከድን የሚተኛ

ኬታሚን የተወጋ ሰው የተኛ አይመስልም። ዓይኑ ፈጥጦ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ቢቆርጡት ግን አያውቅም። ትንፋሹም አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጥም። መብራት በሚጠፋበት፣ ኦክስጅን በሚያልቅበት የወረዳ ሆስፒታል ሌሊት እናት ለምጥ ቀዶ ሕክምና ስትገባ፣ የማደንዘዣ ባለሙያው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደዚህ ብልቃጥ ነው።

መድኃኒቱን በ1962 እ.ኤ.አ. የሠራው አሜሪካዊው ኬሚስት ካልቪን ስቲቨንስ ነው። የተፈለገው፣ ሕሙማንን ለሰዓታት ያቃዥ የነበረውን ፌንሳይክሊዲን የሚተካ፣ ቶሎ የሚለቅ ማደንዘዣ ነበር። በ1964 ሚሺጋን ውስጥ በእስረኞች ላይ ተሞከረ (ፈቃዳቸው ምን ያህል ፈቃድ ነበር? ዛሬ ቢሆን የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አያሳልፈውም)። በ1970 ተፈቅዶ ቬትናም ዘመተ። ከ1985 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ።

ስሙ ግን ሁለቴ ጠፍቷል። በመጀመሪያ፣ በጥቂት ሕሙማን ላይ የታየ ነገር ተይዞ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ይጨምራል ተባለና፣ ጭንቅላቱ ለተመታ ሰው እርም ሆነ። ተማሪው ከመምህሩ እየተቀበለ ለአሥርት ዓመታት አስተላለፈው። ኋላ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ሕሙማን ሲጠኑ የፍርሃቱ መሠረት ሳሳ፤ የደም ግፊትን ደግፎ መያዙ እንዲያውም ለተጎዳ አንጎል ይረዳል። አሁን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሌላ መድኃኒት እምቢ ያለውን የማያባራ የሚጥል በሽታ ለማስቆም ይሞክሩታል። ይህን ሰምቶ የሚዝናና ግን ይሳሳታል፦ ደም ፈስሶት ወይም ኢንፌክሽን አድክሞት አቅሙ የተሟጠጠ ሕመምተኛ ላይ ያው መድኃኒት የደም ግፊትን ሊጥል ይችላል። መጠኑን የሚቀንሱት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከጭፈራ ቤት መጣ። አዘውትረው የሚወስዱት ሰዎች ፊኛቸው ይጎዳል፤ በ2023 ለሞተው ተዋናይ ማቲው ፔሪም ሞት መርማሪዎች ዋነኛ ምክንያት ያሉት ኬታሚንን ነው። በ2015 ቻይና ኬታሚን በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ይግባ ብላ ሐሳብ አቀረበች። የዓለም ጤና ድርጅት ተቃወመ፤ ቪየና ላይ በተካሄደው ስብሰባ ውሳኔው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። እንዲህ ያለ ቁጥጥር ያለበት ሞርፊን በፈቃድና በቅጽ ብዛት ከስንት ድሃ አገር ሆስፒታል እንደራቀ ለሚያውቅ ተቃውሞው አይገርመውም።

በ2019 አሜሪካ የኬታሚንን አንድ የሞለኪውል ቅርጽ በአፍንጫ የሚነፋ የድብርት መድኃኒት አድርጋ ፈቀደች። ሕመምተኛው ከነፋው በኋላ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ክትትል ይደረግበታል። በእኛ ወረዳ ሆስፒታል ክትትሉ ብዙ ጊዜ የባለሙያው ጣት ነው፤ አንዱ የእጅ የደም ሥር ላይ፣ ሌላው አገጭን ደግፎ።