የገጽ ራስጌ፤ ጥቅሙና አሠራሩ

አልጋ ራስጌና ግርጌ እንዳለው ሁሉ የመጽሐፍም ገጽ ራስጌና ግርጌ አለው። በግርጌው ብዙ ጊዜ የገጹ ቁጥር ይቀመጣል። በራስጌው ደግሞ በትንንሽ ፊደል የመጽሐፉ ወይም የምዕራፉ ርእስ፤ እንደዚህ ባለው መጽሔትም የጽሑፉ ርእስና የጸሐፊው ስም በየገጹ እየተደጋገመ ይጻፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የራስጌ ጽሑፍ ምን እንደሚጠቅምና ዛሬ በኮምፒዩተር እንዴት ሊሠራ እንደሚገባው በአጭሩ መግለጽ ነው።

የራስጌ ጽሑፍ ዋና ሥራው አንባቢን መምራት ነው። መጽሐፍን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ለሚያነብ ሰው ብዙም አያስፈልገው ይሆናል። ነገር ግን ወላጅ የልጁን ጽሑፍ ሲፈልግ፤ ተማሪም ለፈተና ሲዘጋጅ መጽሐፉን ከመካከሉ ገለጥ ያደርጋል። በዚያን ጊዜ የት እንደ ደረሰ የሚነግረው ራስጌው ነው። በመዝገበ ቃላትማ ጥቅሙ ከሁሉ ይበልጣል፤ የገጹ ፊተኛና ኋለኛ ቃል ከላይ ስለሚጻፍ አንባቢው ገጹን ሳያነብ የሚፈልገው ቃል እዚያ መኖር አለመኖሩን ያውቃል።

እንግዲህ መሪ መንገድ ከሳተ ተከታዩም ይስታል። በመጽሔት ዝግጅት ስሕተቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። አዘጋጁ በየገጹ እየዞረ ርእሱንና የጸሐፊውን ስም በራስጌው ላይ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ አንድ ፎቶግራፍ ይጨመራል፤ ወይም አንድ ግጥም ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጽሑፎቹም ወደሚቀጥለው ገጽ ይገፋሉ። ጽሑፉ ሲሄድ ራስጌው ግን በቦታው ይቀራል። በዚህም ምክንያት የአንዲት ተማሪ ድካም በሌላው ተማሪ ስም ሥር ታትሞ ይወጣል። በሰው ወርቅ አይደመቅም እንዲሉ፤ ይህ ስሙ ለተጻፈለት ክብር አይሆነውም፤ ስሟ ለቀረባት ግን ሐዘን ነው። መጽሔቱም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ስለሆነ እርማቱ ዓመት ይቈያል።

የዚህ መድኃኒቱ ራስጌውን በየገጹ አለመጻፍ ነው። ይኸውም ራስጌው የሚያሳየውን ቃል ከራሱ ከርእሱ እንዲወስድ ማዘዝ ነው። ገጽን በኮምፒዩተር የማሰናዳት ሥራ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1985 ፔጅሜከር የተባለው ፕሮግራም ከወጣ ወዲህ ነው። ያወጣው ድርጅት አልደስ የተባለው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቬኒስ ከተማ ሥራውን በጀመረው በታላቁ አታሚ በአልዱስ ማኑቲዩስ ስም ነው። ኢንዲዛይን የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፤ ራስጌን ከርእስ እየወሰደ የሚያሳየውን መሣሪያ ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አሠራሩም በሦስት ደረጃ ይፈጸማል።

አንደኛ፤ ለርእሶች ሁሉ አንድ ስታይል ይሰጣቸዋል። ስታይል ማለት የፊደሉን መልክ፤ መጠንና አቀማመጥ በአንድ ስም ጠቅልሎ የያዘ ትእዛዝ ነው። ለጸሐፊዎች ስምም ሌላ ስታይል ይደረጋል። ያለ ስታይል ፊደሉን በማተለቅ ብቻ የተጻፈ ርእስ ለዓይን ርእስ ቢመስልም ፕሮግራሙ ርእስ መሆኑን አያውቅም።

ሁለተኛ፤ ታይፕ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ቴክስት ቫሪያብልስ የሚለው ይከፈትና ራኒንግ ሄደር የተባለው ዓይነት ተመርጦ የርእሱ ስታይል ይጠቀስለታል። ከገጹ የመጀመሪያውን ወይም የመጨረሻውን እንዲወስድ ማዘዝም ይቻላል። በገጹ ላይ ርእስ ከሌለ ፕሮግራሙ ወደኋላ ተመልሶ ያለፈውን ርእስ ይወስዳል።

ሦስተኛ፤ ይህ ትእዛዝ የሚቀመጠው ፓረንት ፔጅ በተባለው፤ ቀድሞ ማስተር ፔጅ ይባል በነበረው እናት ገጽ ላይ ነው። በእናቲቱ ገጽ አንድ ጊዜ የተቀመጠው ነገር በልጆቿ ሁሉ ላይ ይታያል። የጸሐፊው ስም በግራ ገጽ፤ የጽሑፉ ርእስ በቀኝ ገጽ ቢደረግ መልካም ነው።

ኢንዲዛይን የሌለው ሰው በማይክሮሶፍት ዎርድም ይህንኑ ሊሠራ ይችላል። በራስጌው ውስጥ ስታይልሬፍ የተባለው ፊልድ ይገባና የርእሱ ስታይል ስም ይሰጠዋል።

ከዚህም በቀር ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ጽሑፉ በሚጀምርበት ገጽ ርእሱ ራሱ ስላለ ራስጌ አያስፈልግም፤ ለዚያ ገጽ ራስጌ የሌላት ሌላ እናት ገጽ ትዘጋጃለች። በቀድሞዎቹ የኢንዲዛይን እትሞች ከርእስ የተወሰደ ራስጌ ወደ ሁለተኛ መሥመር አይወርድም ነበር፤ ርእሱ ከረዘመ ፊደሎቹ እርስ በርሳቸው ተጨናንቀው የማይነበቡ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ከረጅሙ ርእስ ውስጥ ዋናው ሐረግ ብቻ የራሱ ካራክተር ስታይል ይሰጠውና ራስጌው እርሱን እንዲወስድ ይደረጋል። የላቲን ፊደል የሚጠቀሙ አታሚዎች ራስጌን በካፒታል ፊደል ይለዩታል፤ የእኛ ፊደል ግን ካፒታል የሚባል ስለሌለው ልዩነቱን በመጠን ማነስና ከሥሩ በምትሰመር ቀጭን መሥመር ማሳየት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ማሽኑ የሰጡትን ብቻ ይደግማል። በርእሱ ላይ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ስሕተቷ በየራስጌው ትባዛለች። እንግዲህ የመጽሔት አዘጋጆች የሆናችሁ ጓደኞቼ፤ ከሁሉ አስቀድማችሁ ርእሶችንና ስሞችን ከጸሐፊዎቹ ጋር ሆናችሁ አርሙ። መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ደግሞ አንድ ሰው የሙከራውን ቅጂ ይዞ ራስጌዎችን ብቻ እያነበበ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ይግለጥ። ይህ ሥራ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ለደከመ ሁሉ ግን ስሙን በሥራው ላይ ያስቀምጥለታል።