የጡት ካንሰር የአንጎልን ሽፋን ሲይዝ

በጋይንት፣ ቤተ ልሔም ወይም ነፋስ መውጫ ለምትኖር፣ የጡት ካንሰር ለታከመች ሴት ራስ ምታት ሲጀምራት ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ምች ነው፤ ዳማከሴ ይጨመቅላታል። አብዛኛው ራስ ምታት ቀላል ስለሆነ ግምቱ አይነቀፍም። በእሷ ላይ ግን የሳምንታት መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። ካንሰሩ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ወደሚሸፍኑት ስስ ሽፋኖች ገብቶ ሊሆን ይችላልና፤ ማጅራት ገትር የሚያጠቃቸውም እነዚያው ናቸው። በመካከላቸው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይዘዋወራል። የካንሰር ሕዋሳት እዚያ ከገቡ አንድ ቦታ አይቀመጡም፤ እንደ ዘር ከራስ ቅል እስከ ወገብ ይበተናሉ። ለዚህም ነው ምልክቱ የማይገናኝ የሚመስለው፦ ነገር ለሁለት መታየት፣ የፊት መጣመም፣ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መዛል፣ ሽንት አለመቆጣጠር።

ካልታከመ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይገድላል። በደም ሥር የሚሰጠው አብዛኛው መድኃኒት ወደ ፈሳሹ በበቂ መጠን አይደርስም። ስለዚህ ሜቶትሬክሴትን የመሰለ መድኃኒት በወገብ በኩል በቀጥታ ይሰጣል፤ ሕመም የበረታበት ቦታ በጨረር ይታከማል፤ ዴክሳሜታዞን ደግሞ እብጠትን ይቀንሳል። ጨረሩና መድኃኒቱ ሥቃይን ያስታግሣሉ፤ ጉዳቱ እንዳይባባስም ይረዳሉ። የሞተ ነርቭን ግን እምብዛም አይመልሱም። በእግሯ እየሄደች የደረሰች ሴት መሄዷን ልትቀጥል ትችላለች፤ በቃሬዛ የደረሰች ግን መልሳ የመቆሟ ተስፋ ጠባብ ነው። ከጨረር መሣሪያው ዓይነት ይልቅ ሕክምና ላይ የምትደርስበት ቀን ይበልጥ ይወስናል የምለው ለዚህ ነው።

«ለማይድን በሽታ ቤተሰብ በሬውን ለምን ይሽጥ?» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በጭካኔ የተጠየቀም አይደለም። ይሁንና በሽታው ባይድንም ዕድሜ ሊራዘም ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የታተመ ጥናት አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን በሙሉ በፕሮቶን ጨረር ማከም አማካይ ዕድሜን ከ6 ወደ 9.9 ወር እንዳራዘመ አሳይቷል። ያ መሣሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፤ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። ሆኖም ዴክሳሜታዞንና ሜቶትሬክሴት ርካሽና የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። ሰውነቷ ለተዳከመና ካንሰሩ ሌላ ቦታም ለበረታባት ሴት ደግሞ አዲስ አበባ መላክ ደግነት አይደለም። ሞርፊን አግኝታ ከልጆቿ ጋር በቤቷ መሆኗ ራሱ ሕክምና ነው፤ ይህንንም ሐኪሙ በግልጽ ሊነግራት ይገባል።

«ፈሳሹ ተመርምሮ ነጻ ተብላለች» የሚለውም አያዘናጋ። የመጀመሪያው የወገብ ፈሳሽ ምርመራ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉን ሊስት ይችላል፤ ምልክቱ ካለ ይደገማል፣ ኤምአርአይም ይታከላል። የጡት ካንሰር ታክማ ወደ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ የምትመለስ ሴት ከላይ የተዘረዘሩት ምልክቶች በካርዷ ላይ በአማርኛ ተጽፈው ይሰጧት፤ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ታውቃቸው።