ሽበት የበዛበት በጀት

ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መቶ ዓመት ለሚሞላቸው ዜጎቿ በየዓመቱ መስከረም ላይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም የብር ጽዋ ትሸልማለች። ሽልማቱ ሲጀመር ዕድሜያቸው መቶና ከዚያ በላይ የሆነ 153 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በ2024 ከ95 ሺህ በለጡ። በዚህ መሀል ጽዋው በመጀመሪያ መጠኑ አነሰ፤ በ2016 ደግሞ ንጹሕ ብር መሆኑ ቀርቶ በብር የተለበጠ ሆነ። ምክንያቱ ወጪ ነው።

ከትልቁ ሒሳብ ጎን ሲታይ የጽዋው ዋጋ ከቁጥር አይገባም። በአብዛኞቹ ባለጸጋ አገሮች ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ ለራሱ እርጅና ተቀምጦ አይቆየውም፤ ወዲያው ለዛሬው ጡረተኛ ይከፈላል። ዱሮ የልጅ ግዴታ የነበረውን ጧሪነት መንግሥት ሲረከብ፣ ከኋላ የሚመጣው ትውልድ ሁልጊዜ ብዙ እንደሚሆን ታሳቢ አድርጎ ነበር። አሁን ወሊድ ቀንሷል፣ ዕድሜ ረዝሟል። ወጪውም በሦስት በር ይገባል፦ በጡረታ፣ በሕክምና፣ እንዲሁም ራሱን ችሎ መታጠብና መልበስ ላቃተው አረጋዊ በሚደረግ እንክብካቤ። መንግሥታት ያላቸው አማራጭ የታወቀ ነው፦ ታክስና መዋጮ መጨመር፣ የጡረታ ዕድሜን ማራቅ፣ ክፍያን መቀነስ፣ መበደር ወይም ከሌላ ዘርፍ በጀት ማንሳት። አገር ከአገር የሚለየው የትኛውን በግላጭ፣ የትኛውን በዝምታ እንደሚያደርገው ነው።

ጃፓን ሁሉንም ሞክራለች። በ1961 ጡረታንና የጤና መድንን ለሁሉም ዜጋ አዳረሰች። ኢኮኖሚው በሚገሰግስበት ዘመን፣ በ1973፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑት ሕክምናን ነፃ አደረገች፤ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ተሻረ። በ2000 ዕድሜው 40 የሞላ ሁሉ የሚያዋጣበት የእንክብካቤ መድን ተጀመረ። በ1989 በ3 በመቶ የገባው የፍጆታ ታክስ በሦስት ጭማሪ በ2019 10 በመቶ ደረሰ። ያም ሆኖ ከሕዝቡ 29 በመቶ ያህሉ 65 ዓመት ያለፈው በመሆኑ፣ ማኅበራዊ ዋስትና ከማዕከላዊው መንግሥት በጀት አንድ ሦስተኛውን ይወስዳል። የአገሪቱ ዕዳም ከዓመታዊ ምርቷ ከእጥፍ በላይ ነው።

ትልቁ ቅነሳ የተደረገው ግን ብዙም ጩኸት ሳይሰማ ነው። የ2004ቱ ሕግ የመዋጮውን ጣሪያ ከደመወዝ 18.3 በመቶ ላይ ወሰነ፤ ግማሹን አሠሪው ይከፍላል። በምትኩ ጡረታው የዋጋ ንረትን ተከትሎ ሲጨምር ጭማሪው ከንረቱ ዝቅ እንዲል ቀመር ተበጀለት። ቀመሩ ጡረተኛው እጅ ላይ የሚገባውን የን አይቀንስም፤ የሚገዛው ዕቃ ግን ያንሳል። ዋጋ ለዓመታት ባለመጨመሩ ቀመሩ በሥራ ላይ የዋለው በ2015 ነበር። ዝምታው የተሰበረው በ2019 ነው፦ አንድ የመንግሥት አጥኚ ቡድን ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ለ30 ዓመት ኑሮ ከጡረታው ሌላ 20 ሚሊዮን የን ያህል ጥሪት እንደሚያስፈልጋቸው ሲጽፍ አገር ተንጫጫ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ታሮ አሶ ሪፖርቱን አልቀበልም አሉ።

ሒሳቡ ሲጠብቅ ከተማ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሆካይዶ ውስጥ ያለችውን ዩባሪን ይመልከት። በ1960 ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት የድንጋይ ከሰል ከተማ ነበረች። ማዕድኑ ሲዘጋ ማዘጋጃ ቤቱ በብድር መዝናኛ ፓርክና የበረዶ መንሸራተቻ አስፋፋ፤ ጎብኚው ግን እንደታሰበው አልመጣም። በ2007 ከተማዋ በ35.3 ቢሊዮን የን ዕዳ ከሰረች። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ቁጥር ከግማሽ በላይ ተቀነሰ። 171 አልጋ የነበረው ሆስፒታል 19 አልጋ ያለው ክሊኒክ ሆነ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ተጠቃለው አንድ ብቻ ቀረ። በ2011 በ30 ዓመታቸው ከንቲባ የሆኑት ናኦሚቺ ሱዙኪ ከደመወዛቸው 70 በመቶው ተቆርጦ ሠሩ፤ ኋላ የሆካይዶ ገዥ ሆኑ። ወደ ከተማዋ የሚገባው የባቡር መስመር በ2019 ተዘጋ። ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ሲሄዱ ሽማግሌዎቹ ቀሩ፤ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ቅነሳው የመጣው በድንገትና በግላጭ ነው። በኅዳር 2011 ጣሊያን የምትበደርበት ወለድ ከ7 በመቶ አልፎ ነበር። በቀጣዩ ወር የሠራተኛ ሚኒስትሯ ኤልሳ ፎርኔሮ የጡረታ ጭማሪ እንደሚታገድ ለጋዜጠኞች ሊያስረዱ ሲሉ እንባ ቀደማቸው፤ ንግግሩን ጠቅላይ ሚኒስትር ማሪዮ ሞንቲ ቀጠሉት። ሕጉ የጡረታ ዕድሜን አራቀ፤ ዛሬ 67 ደርሷል። ጡረታችን ደረሰ ብለው ከአሠሪያቸው ጋር ተስማምተው ሥራ የለቀቁ ብዙ ሺህ ሰዎች ደመወዝም ጡረታም ሳይኖራቸው መሀል ሜዳ ላይ ቀሩ። በጣሊያን የአረጋውያኑን እንክብካቤ በአመዛኙ የያዙት በየቤቱ የሚቀጠሩ ስደተኛ ሴቶች ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሴቶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሮም ቤቶች ሲሠሩ ኖረዋል። ግሪክ ደግሞ ከ2010 ወዲህ በአበዳሪዎቿ ግፊት ጡረታን ደጋግማ ቆረጠች። በዚያው ጊዜ ሥራ አጥነት ከ25 በመቶ በላይ ስለነበር በብዙ ቤት ልጅና የልጅ ልጅ የሚበሉት ከአያት ጡረታ ነበር። የአያት ጡረታ ሲቆረጥ የልጅ ልጅም ራት አብሮ ተቆረጠ።

ጡረተኛ በምርጫ ቀን ከወጣት ይልቅ ይወጣል፤ ፖለቲከኛም ይህን ያውቃል። የብሪታንያ መንግሥት ከ2010 ጀምሮ ወጪ ሲቀንስ ጡረታ ከዋጋ ንረት፣ ከደመወዝ ዕድገትና ከ2.5 በመቶ ከፍተኛውን ተከትሎ እንዲጨምር ቃል ገባ፤ የተዘጉት የየአካባቢው ቤተ መጻሕፍትና የወጣት ማዕከላት ናቸው። በ2024 የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ የክረምት ማሞቂያ ድጎማውን ከአብዛኞቹ ጡረተኞች ሲያነሱ፣ ዓመት ሳይሞላ ለአብዛኞቹ ሊመልሱ ተገደዱ። ፈረንሳይም በ2023 የጡረታ ዕድሜን ከ62 ወደ 64 ያሳደገችው ያለ ታችኛው ምክር ቤት ድምፅ ነበር፤ በ2025 መንግሥቷ ለውጡ እንዲታገድ ተስማማ።

ዴንማርክ ከዚህ ጣጣ ለመውጣት በ2006 የጡረታ ዕድሜን ከአማካይ የሕይወት ዘመን ጋር አያያዘች። ፓርላማው ጭማሪውን በየአምስት ዓመቱ ያጸድቃል፤ በግንቦት 2025 ከ2040 ጀምሮ 70 እንዲሆን ወስኗል። ነገር ግን ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሜተ ፍሬዴሪክሰን ራሳቸው ዕድሜው እንዲሁ እየጨመረ መሄዱን እንደማያምኑበት አስቀድመው ተናግረው ነበር። ጣሪያ ሲሠሩና በሽተኛ ሲያነሱ የኖሩ ሠራተኞች በ70 ዓመት ሥራ ላይ መገኘት አይችሉም የሚለው የማኅበራቱ ክርክር ሰሚ አግኝቷል። በወጣትነታቸው ሥራ ጀምረው ረጅም ዘመን የሠሩ ሰዎች ቀድመው ጡረታ እንዲወጡ የሚፈቅድ ሕግ ከ2022 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ቀመሩ በራሱ እንዲሄድ የተተወባት አገር አሁን እየተከራከረች ያለችው ማን ከቀመሩ ይውጣ በሚለው ላይ ነው።