ሽማግሌ የሚኖርበት ቤት መታጠቢያው እንዴት ይሁን?

ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚታሰበው ለሳሎኑ ነው፤ እንግዳ የሚገባው በዚያ ነውና። መታጠቢያ ቤቱ ግን በተረፈው ቦታ ላይ ይሠራል፤ የወለሉም ማማር እንጂ እግር መያዙ አይጠየቅም። በመቀሌ ከተማ፣ በሓድነት ክፍለ ከተማ አንድ ቤት ተጋብዘን በሄድን ጊዜ የዚህን ውጤት አይተን ተመለስን።

የቤቱ እመቤት ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው እናት ናቸው። ከጥቂት ወራት በፊት ሌሊት ለሽንት ሲነሡ እርጥቡ ሴራሚክ አንሸራተታቸው፤ የተደገፉበትም የፎጣ መስቀያ ከነብሎኑ ተነቅሎ በእጃቸው ቀረ። አጥንታቸው ባይሰበርም ወገባቸውን ታመው ሰነበቱ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ላለመነሣት ሲሉ ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት ትተዋል። ይህ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ ውሃ የጎደለው ሽማግሌ ብድግ ሲል ያዞረዋልና።

ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በያመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ ከነዚህም የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ ነው።

በመቀሌ የቧንቧ ውሃ በየቀኑ ስለማይገኝ በብዙ ቤት በርሜሉና ጀሪካኑ በመታጠቢያ ቤት ይቀመጣል። በርሜሉ መተላለፊያውን ያጠባል፤ ውሃ በተቀዳ ቁጥርም ወለሉ ይረጥባል። እንግዲህ የመጀመሪያው መድኃኒት ገንዘብ አይጠይቅም፤ በርሜሉን ወደ ውጭ ማውጣት ነው።

የሴትዮዋ ልጅ ግንበኛ ነው። «ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብሎን ብቻ አይችልም፤ ከፍቼ በሲሚንቶ ሞላሁት» አለን። መያዣውን የሠራው ከባለ አንድ ኢንች የውሃ ብረት ነው፤ ውፍረቱ 33 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ለእጅ ይመቻል። ከወለሉ 85 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳው 4 ሳንቲሜትር አርቆ ተከለው። በሩንም ወደ ውጭ የሚከፈት አደረገው፤ ሰው ከውስጥ ቢወድቅ በሩን ዘግቶ ረዳት እንዳያስቀርበት ነው። ደፉን አነሣ፤ ወለሉንም በሻካራ ሴራሚክ ለወጠው። መብራት ቢጠፋ እንዳይቸገሩ ከአልጋቸው አጠገብ ባትሪ አኖረላቸው።

የቀረው ወንበሩ ነበር። ቁመቱ 45 ሳንቲሜትር የሆነ ጠንካራ ወንበር ቢያመጣላቸው፣ «እኔ በሽተኛ ነኝ እንዴ፣ ተቀምጬ የምታጠበው?» ብለው አልቀበልም አሉ። ልጁም፣ «አደይ፣ በሽተኛማ ቢሆኑ እኔ ነበርኩ የማጥብዎ፤ ወንበሩ እኮ ብቻዎን እንዲታጠቡ ነው» አላቸው። እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያውስ አስገባው» አሉ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መጸዳጃ እንዲኖር አዝዞ ነበር። የግል ቤት ግን በአብዛኛው ለባለቤቱ አሳቢነት የተተወ ነው። ስለዚህ ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቻችን፣ መያዣው ዛሬ ባይተከል እንኳ ግድግዳውን ከወዲሁ አጠንክራችሁ አስገንቡ። ዕድሜ ከሰጠን ነገ በዚያ ብረት የምንደገፈው እኛው ነን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!