«የማይዝግ ብረት» በጨው ውሃ ውስጥ

በጎንደር ደጋ ብረትን የሚያዝገው ዝናብና ጤዛ ስለሆነ፥ «የማይዝግ ብረት» የሚለው ስያሜ ለወጥ ቤት ዕቃ ሲነገር እምብዛም አያሳስትም። ስለ ባሕር ዓሣና ስለ ኮራል ገንዳ የተጻፈ መመሪያ ስንተረጉም ግን ያሳስታል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የብረቱን ስስ መከላከያ ሽፋን እየሰረሰረ ይበላዋልና። ስለዚህ «ዝገትን የሚቋቋም ብረት» ማለትን እንመርጣለን። በባሕር ውሃ የማይበላ ጌጥ ሲፈለግ ቲታኒየም በስሙ ይጠቀስ።

«መዳብ አይግባ» የሚለው ትእዛዝም ብቻውን አይበቃም። ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ፥ ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ በንግግር ግን ሁለቱ ስሞች ይቀላቀላሉ። ከጎንደር ገበያ የተገዛ የናስ ጌጥ ገንዳው ውስጥ ቢቀመጥ፥ የሚሟሟው መዳብ ኮራሉንና ሽሪምፑን ይገድላል። ተርጓሚው «መዳብና የመዳብ ቅይጥ ሁሉ፥ ነሐስና ናስ ጭምር» ብሎ ይጻፍ።